ቀይ ያልተቀባው ኩርባ

ቆቦ ስመደብ ሁሉም ያስፈራራኝ በሙቀቱ ነበር። ከጎጃም ደጋ ለመጣ ሰው ሙቀቱ እውነትም ቀላል አይደለም፤ ግን ይለመዳል። ለመልመድ ጊዜ የወሰደብኝ የሰዉ ዝምታ ነው።

ሥራዬ በወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ነው። ያን ዓመት ከክልል የመጡ ባለሙያዎች ከጎብዬ በሮቢት አድርጎ ቆቦን የሚያቋርጠውን አስፋልት ለእግረኛ የማያሰጋ ለማድረግ ዕቅድ ያወጡ ነበር። የእግረኛ ማቋረጫና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የት የት እንደሚሠራ ለመወሰን፣ አደጋ የደረሰባቸውን ቦታዎች ማወቅ ነበረባቸው። ከጦርነቱ በፊት የነበረው መዝገብ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ "ሕዝቡ ይንገረን" ተባለና ሕዝቡን መሰብሰብ ለእኔ ተሰጠኝ። ስብሰባ መጥራት አልወድም። አበል የሌለው ስብሰባ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው።

የምኖረው ከከተማው መውጫ፣ አስፋልቱ ከሚጠመዘዝበት ኩርባ አጠገብ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሙስሊም ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ከአስፋልቱ ማዶ ስለሆነ እናትየዋ በየጠዋቱ እጇን ይዘው ያሻግሯታል። ልጅቷ ጓደኞቿን ታፍራለች፤ እጇን ልታስለቅቅ ትታገላለች፤ እሳቸው አይለቁም። "ኧረ እትዬ፣ በቁመት አልፋዎት የለም እንዴ?" እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። በሌላው ቀልዴ ይስቃሉ፤ በዚህኛው ግን ስቀው አያውቁም።

ወደዚያ ቤት አዘውትሮ የሚመጣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር አለ። ሽንኩርት፣ ሲገኝም ማንጎ ይዞ ይመጣል። እሱ "እማ" ይላቸዋል፣ እሳቸው "ልጄ" ይሉታል። ክርስቲያን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ለእሱ ብለው ሽሮ ይሠራሉ። የእህታቸው ልጅ ይመስለኝ ነበር። አገሩ ወሎ ነው፤ ከአንድ ቤት ወጥተው አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ቢሄዱ ማን ይደነቃል? ጠይቄም አላውቅም።

የመጀመሪያው ስብሰባ በቀበሌው አዳራሽ ተደረገ። ከጎብዬም ከሮቢትም ሰው ተጠርቷል። አንድ አዛውንት ዱዓ አደረጉ፤ ሁላችንም አሜን አልን። ከክልል የመጣው መሐንዲስ ካርታውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ቀይ ቀለም ይዞ ቆመና "በመኪና የሰው ሕይወት የጠፋባቸውን ቦታዎች ንገሩን" አለ። ነገሩት። የሮቢት መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ የጎብዬ ገበያ በር፣ ሌላም ተነሳ። ጭራሽ ግመል የተገጨበት ቦታ ሳይቀር ተነስቶ፣ ጥፋቱ የግመሉ ነው የሹፌሩ በሚል ረጅም ክርክር ተደረገ። የእኛ ሰፈር ኩርባ ግን አልተነሳም። ሰፈራችን ሰላም ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አመሻሽ ላይ ይህንኑ እንደ ምሥራች ለአከራዬ ነገርኳቸው። የሚለቅሙትን ምስር አስቀመጡ።

"እዚህ ማቋረጫ አይሠሩም ማለት ነው?"

"ሰው ያልሞተበት ቦታ አይሠሩም፣ እትዬ። ገንዘቡ አይበቃም።"

ወደ እኔ ሳያዩ፣ "እዚህ የወደቀ አለ" አሉ። "የኔው ነው። የልጅቱ ታላቅ።"

ታዲያ ለምን አልተነገረም ብዬ ጠየቅሁ። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም።

"ደሙ ታርቋላ። ዘወልድ የምንለው የእርቅ ሸንጎ ተቀምጦ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ሁላችንም ተማምለን። የታረቀ ደም አይነሳም። ቦታውን ከጠራሁ መሐላዬን በላሁ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹም እንዲያው ናቸው። ገዳዩን በልጅሽ ፈንታ ልጅ ይሁንሽ ብለው ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ። በይ፣ አንቺም እንዳልሰማሽ ሁኚ።"

ያኔ የሚኒባስ ጥሩምባ ከውጭ ተሰማ፤ ሹፌሩ ሽንኩርቱን ይዞ ገባ። ልጅቷ ተነስታ አስታጠበችው። ሲታጠብ እጁን እያየሁ ገባኝ። አብሬያቸው መብላት አቃተኝና ራሴን አሞኛል ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ተናድጄ ነበር። የሞተውን አክብረው ያለችውን ሊያስበሉ ነው አልኩ በልቤ። ለመሐንዲሱ ሹክ ልለው አሰብኩ። ግን ወሬው ከእኔ ቢወጣ፣ ከማን ቤት እንደወጣ ቆቦ ሁሉ ያውቃል። ዝም አልኩ። እንደ አገሩ ሰው ዝም ስል ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁለተኛው ስብሰባ ረቡዕ ዋለ። መሐንዲሱ ረቂቁን አሳየ፤ በዚህኛው ሹፌሮችም ተጠርተው ነበር። ውይይቱ ሊያልቅ ሲል አከራዬ ተነሱ። ሰው ፊት ሲናገሩ አይቻቸው አላውቅም።

"እኛ ኩርባ ላይም ይሠራልን። ልጄ ትሻገራለች።"

መሐንዲሱ ክፉ ሰው አይደለም። "እናቴ፣ የሁሉም ልጅ ይሻገራል" አለ በትህትና። "እዚያ ቦታ የሞተ ሰው አለ?"

 ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ያያሉ። አከራዬ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። "ልጄ ትሻገራለች" ብለው ደገሙና ተቀመጡ።

ከኋላ ሹፌሩ ተነሳ። "አለ" አለ። "ሰው ገድዬበታለሁ። ስበር ነበር የመጣሁት፤ ኩርባው ከለለኝ። ታስሬበታለሁም።"

"ሟቹ ማን ነበር?"

"እሱ አይነሳም።"

አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው "ተው፣ ልጄ" አሉት።

"እኔም ምያለሁ፣ አባቴ። ለኔ ይሁን፤ የሚመጣው በኔ ይምጣ" አለና አዳራሹን ለቆ ወጣ።

መሐንዲሱ ኩርባውን ቀይ ቀባው። ጉብታው የተሠራው ከክረምቱ በኋላ ነው። አከራዬ ግን ስብሰባው እስኪበተን ካቀረቀሩበት ቀና አላሉም።

ያን ዕለት አመሻሽ ሹፌሩ አልመጣም። ሽሮው ተከድኖ ተቀምጧል። ልጅቷ ወደ በር ወጣ እያለች ትመለሳለች። መሐላ ያፈረሰ ሰው የታረቀበትን ደጃፍ ለመርገጥ ፊት የለውም፤ ይህንን ያኔ እኔም ተምሬዋለሁ። አንዱን ልጅ በመኪና፣ አንዱን በመሐላ ሊያጡ ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ልጃቸውን ይዘው ኩርባው ላይ ቆሙ። እኔም ወደ ሥራ ስወጣ አብሬያቸው ነበርኩ። ሚኒባሱ ከሮቢት በኩል መጣ፤ ገና ከሩቅ ቀዝቀዝ አለ። እዚያ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርግ ነበር፤ ልብ ያላልኩት እኔ ነኝ። አከራዬ የልጅቷን እጅ ለቀቁ። ብቻቸውን አስፋልቱ ላይ ወጥተው እጃቸውን ዘረጉ።

ቆመ። መስኮቱን አወረደና አንገቱን ደፋ።

"ትናንት ረቡዕ አልነበረም?" አሉት። "ሽሮውን ለማን ብዬ ነው የሠራሁት?"