ወንድሜ የሆስፒታሉን አድራሻ የቀየረበት ቅዳሜ

ታላቅ ወንድሜን በሥራ ቦታው የሚያውቀው ሁሉ «ሽቦ» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የምናውቀው እኔ፣ ሚስቱና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ሆስፒታላችን ውስጥ እሱ የኮምፒውተር መስመር ያልዘረጋበት ክፍል የለም። መሰላል ላይ ይወጣና ኮርኒሱን ገፋ አድርጎ እስከ ወገቡ ይጠፋል። እኔ የምሠራው እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ፣ ኮሪደር ላይ የተንጠለጠለ እግር ካየሁ «ጋሼ፣ ምሳ በልተሃል?» እያልኩ ከጫማው ጋር አወራ ነበር።

አንድ ቀን መሰላሉ ከዳው። ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ተሰበረ። ብረት ገብቶለት ዳነ፤ ሐኪሙ ግን «ከእንግዲህ መሰላል የሚባል ነገር እንዳታስብ» ብሎ ቁርጡን ነገረው። ጣቶቹም ትንሽ ሲሠራባቸው ይደነዝዛሉ። አለቃው ደግ ሰው ነውና አላባረረውም። ዋናዎቹ ኮምፒውተሮች በሚቀመጡበት ሰርቨር ክፍል ውስጥ ጠረጴዛና ኮምፒውተር ሰጠው። ጋሼ ግን ከዚያ በኋላ ሳቁ ጠፋ። ሚስቱ አንድ ቀን ጠርታኝ «ቤት ገብቶ አንድ ቃል አይተነፍስም። ሸሚዙን ስቆልፍለት ፊቱን ያዞርብኛል» አለችኝ። እኔስ ምን ልበለው?

በዚያው ሰሞን ሆስፒታላችን አጥር ከሚጋራን የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል ጋር እንዲቀላቀል ተወሰነ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር፣ እያንዳንዱ ፕሪንተር በቁጥር የተጻፈ አድራሻ አለው። እኛና እነሱ ደግሞ ሳንተዋወቅ አንድ ዓይነት ቁጥሮች ስንጠቀም ኖረናል። ለየብቻችን ስንኖር ማንም አልተቸገረም። መስመሩ አንድ ሲሆን ግን ለእኛ የተላከው እነሱ ጋ፣ ለእነሱ የተላከው እኛ ጋ ሊሄድ ነው። ስለዚህ የእኛ አድራሻ በሙሉ መቀየር ነበረበት። አድራሻዎቹ የሚገኙት ኮንፊግ በሚሏቸው ፋይሎች ውስጥ ነው። መሣሪያው ምን እንደሚሠራና ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚነገረው በእነዚህ ፋይሎች ሲሆን፣ ብዛታቸው ለጉድ ነው። በአንዱ ፋይል ውስጥ እንኳ ያው አድራሻ እዚህም እዚያም ተደጋግሞ ይጻፋል።

አለቃው «ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ነው» ብሎ ሥራውን ለጋሼ ሰጠው። ጋሼ ፋይሉን እየከፈተ፣ በዓይኑ እየለቀመ፣ በግራ እጁ እየነካካ መቀየር ጀመረ። ለሙከራ መጀመሪያ የተቀየረው የድንገተኛ ክፍሉ መሣሪያ ነበር። ጋሼ አንዷን ቁጥር ስቶ ኖሮ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ወደ ድንገተኛ ክፍል መድረሱን አቆመ። ስህተቱ እስኪገኝ እኔ ወረቀት ታቅፌ ደረጃ ስወጣ ስወርድ አረፈድኩ። ማንም አልተጎዳም። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ጋሼ ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም። ጡረታዬን ልጠይቅ ነው» አለኝ።

ይህን ያለው ከኋላው «ቀስታ» መቀመጧን ሳያውቅ ነው። ቀስታ የምንላት ሰርቨሮቹን የምትጠብቀው ልጅ ናት። ስትናገርም ስትራመድም አትሰማም። ወንበሯን ወደ እኛ ሳበች።

«ጋሽ ሽቦ፣ ግን ያን ሁሉ ለምን በእጅዎ ይቀይሩታል?»

«ታዲያ በምኔ ልቀይረው? በጥርሴ?»

ሳቀች። «ኮምፒውተሩን ይዘዙታ። አሮጌውን አድራሻ ፈልግ፣ አዲሱን ተካ፣ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ፋይል እለፍ ይበሉት። ትእዛዙን አንዴ ነው የሚጽፉት።»

«ይሄ ስክሪፕት የምትሉት?»

«እሱው ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜዬ?»

«አስተምርዎታለሁ። እኔም ስወለድ አላውቀውም ነበር።»

ያለችውን አደረገች። ከሰዓት በኋላ የራሷ ሥራ ጋብ ሲልላት አጠገቡ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ያደረገችው የፋይሎቹን ሁሉ ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። «ዋናውን እስከ መጨረሻው አንነካውም» አለችው። ጋሼ ስክሪፕቱን ጽፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስኬደው ሥራው ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ አለቀ። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «አለቀ እኮ! አለቀ!» እያለ ክፍሉን አናጋው።

«ቀስ ይበሉ፣» አለች። «እስቲ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን እንያቸው።»

ሲያዩት ጉድ ነው። ጋሼ ያዘዘው በ1 የሚያልቀውን አድራሻ እንዲቀይር ነበር። ኮምፒውተሩ ግን በ12 የሚያልቀውም፣ በ15 የሚያልቀውም ውስጥ ያቺን 1 አግኝቶ እነሱንም ቀይሯቸዋል። የመድኃኒት ቤቱ ፕሪንተር ማንም የማያውቀው አድራሻ ወጥቶለታል። ጋሼ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«የተበላሸው ቅጂው ነው፤ ሆስፒታሉ ምንም አልሆነም፣» አለችው። «ኮምፒውተር ያልነገሩትን አይገምትም። አድራሻው የት ላይ እንደሚያልቅ ይንገሩት።»

«እንደ ሚስቴ አይደለም በይኛ፤ እሷ ሳልናገር ነው የምትገምተው።»

ተሳሳቁ። ከዚያ ከፊቱም ከኋላውም ሌላ ቁጥር የተጠጋበትን አድራሻ እንዳይነካ አድርጎ ትእዛዙን አስተካከለ። አስኬደ፣ አወዳደረ፣ አረመ፣ እንደገና አስኬደ። የዚያን ዕለት ማታ ሚስቱ ደወለችልኝ። «ወንድምሽ ራት ላይ አፉ አልተከደነም። ስለ ምን እንደሚያወራ እግዜር ይወቅ፤ ግን ያቋርጣል ብዬ ፈርቼ ትንፍሽ አላልኩም» አለችና ድምጿ ተሰበረ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

መቀየሪያው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ሆነ፤ ተመላላሽ ታካሚ የለም። ጋሼና ቀስታ ሰርቨር ክፍል ሆነው የታረሙትን ፋይሎች በየመሣሪያው ይጭናሉ፤ እኔ ላቦራቶሪ ሆኜ በአንድ ስልክ ከጋሼ፣ በሌላው ከድንገተኛ ክፍሏ ነርስ ጋር እነጋገራለሁ።

«በይ ላኪ፣» አለኝ ጋሼ።

የሙከራ ውጤት ወደ ድንገተኛ ክፍል ላክሁ። ነርሷ «ምንም አልወጣም» አለች። ስነግረው የጋሼ ትንፋሽ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። የቀስታ ድምፅ ከኋላው መጣ፦ «ፕሪንተሩ በርቷል ወይ ይበሏት።»

አልበራም ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ስትወለውል ሶኬቱን ነቅላዋለች። ሲሰካ ወረቀቱ ወጣ፤ ነርሷም «መጣ! መጣ!» ብላ ጮኸች። ከእኩለ ቀን በፊት ሕንፃው በሙሉ አዲሱ አድራሻው ላይ ነበር።

በሰኞው ስብሰባ አለቃው ጋሼን ብድግ አስደርጎ አመሰገነው። ጋሼም «እኔን ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት» ብሎ ወደ ቀስታ አመለከተ፤ እሷ አንገቷን ደፋች።

መስመሩ ከተገናኘ በኋላ አንድ ረፋድ ላይ፣ የአንዲት ጨቅላ ሕፃን የደም ናሙና ከእናቶች ሆስፒታል መጣልን። መርምሬ ውጤቱን ላክሁ። ብዙም ሳይቆይ ከማዶ አንዲት አዋላጅ ደወለች፦ «ድሮ ውጤቱን አጥር ዞረን ነበር የምናመጣው። ሕፃኗ ሕክምናዋን ጀምራለች። ተባረኩ።» ሮጬ ለጋሼ ነገርኩት። የተሰበረ እጁን አሸት አደረገና «ሂጂ፣ ለቀስታ ንገሪያት፤ ምስጋናው የእሷ ነው» አለኝ። ሄጄ ነገርኳት። «የጻፉት እኮ እሳቸው ናቸው» አለችኝ። ሁለቱም አልወስድ ብለው ምስጋናው እጄ ላይ ቀረ። እኔም ግንባሯን ሳምኳትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።