የጥርኝ ቤት ፊት

ታላቅ ወንድሜ ታላቄ አለመሆኑን ምሎ ላገባት የነበረችውን ልጅ አሳጣኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሽቶ ገዝታ መጣችና አፍንጫዬ ሥር ረጨችው። ከአበባው ሽታ በታች የማውቀው ነገር ነበረ፤ ከባድ፣ የአውሬ ሽታ። "ዝባድ ይመስላል" አልኳት። ሳቀች። ዝባድ ከጥርኝ ጭራ ሥር የሚጠረግ ቅባት መሆኑን፣ አያቷም ወጣትነቱን ለዚያ ቅባት መስጠቱን ማን ይንገራት።

ነቀምቴ ውስጥ፣ ባኬ ጃማ ከሚባለው ሰፈር ዳር፣ አንድ ነጋዴ አሥራ አንድ ጥርኞች ነበሩት። ጠባቂያቸው እኔ ነበርኩ። ጥርኝ ካልሞቀው ዝባድ አይሰጥም ስለሚባል፣ መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ እሳቱ ቀንም ሌትም አይጠፋም። ጢሱ የጣራውን እንጨት እንኳ አጥቁሮ ያብለጨልጨው ነበር። ለጥርኞቹ ሥጋ፣ እንቁላልና በቅቤ የታሸ ገንፎ እሰጣለሁ። እኔ የበቆሎ ቂጣ እበላለሁ። አንድ ቀን ከገንፏቸው ስልስ ነጋዴው ደረሰብኝና፣ "እነሱስ ዝባድ ይሰጡኛል፤ አንተ ምን ትሰጠኛለህ?" አለኝ። ሽታውን ለመርሳት ትንባሆ በጋያ አጨስ ነበር። ውሃ መጠጣት ትዝ የሚለኝ ሲመሽ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ እስከ ሃያ አራት እንዲህ ኖርኩ።

ባዕድ ሰው ጥርኝ ቤት አይገባም፤ ዓይን ይበላቸዋል ይባላል። ስለዚህ ከጉቴ መንደር ቅቤ የምታመጣው ልጅ በግድግዳው ቀዳዳ ነበር የምታቀብለኝ። መጀመሪያ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለው ቅቤ ይገባል፣ ተከትሎት የብርሃን ዘንግ፣ ከዚያ ሳቋ። እሷም የምታየው እጄን ብቻ ነው። እጄ ደግሞ ቅቤ ሲያሽ ስለሚውል የሕፃን እጅ ይመስል ነበር።

"ይሄ እጅ ሥራ አያውቅም እንዴ?" ትለኝ ነበር።

"ጌቶች ቤት ነው የምውለው። አሥራ አንድ ጌቶች አሉኝ" እላታለሁ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አወጋን። በመጨረሻ "እንግዲያስ ሽማግሌ ላክ" አለችኝ። ላክሁ። አባቷ አልጠላውም፤ "ልጁን በዓይኔ ልየው" ብቻ አለ።

ጉቴ ሄድኩ። ረፋድ ላይ ነው፤ ደጃፋቸው በፀሐይ ተሞልቷል። አባቷ ከዋርካው ሥር ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ ብድግ አለልኝ። "አካም ጂርቱ፣ ኦቦ፤ ይቀመጡ" አለ፤ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው። ከዚያ ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

"ልጁስ?"

"እኔ ነኝ።"

ከሽማግሎቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ታላቅ ወንድምም አለኝ ብል ማን ይስማኝ። ሸሚዜን ገልቤ ሆዴን አሳየሁት፤ እሳትም ጢስም ያላገኘው የወጣት ቆዳ ነዋ። አባቷ ረጋ ብሎ አየውና፣ "ልጄ የምታገባው ሆድህን ነው?" አለኝ። ሰውየው ግን ፍርደ ገምድል አልነበረም። "ታላቅ ወንድም አለኝ ካልክ አምጣው። ታላቅህ መሆኑን በሽማግሌ ፊት ይማልልህ። አንድ ወር ሰጥቼሃለሁ።"

የዚያኑ ዕለት ነጋዴው ሱቅ ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ከዓይኔ ጥግ እስከ ጆሮዬ ፊቴ በጋ እንዳገኘው ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ስስቅ ይብሳል። መናደድስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ገረመኝ። ምን በልቼ፣ ምን ሆኜ ነው እንዲህ የሆንኩት?

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ሰባት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ፊት ማንበብ ግን በዚያ ወር ተማርኩ። ገበያ እየዞርኩ ያገኘሁትን ሁሉ ዕድሜውንና የሚበላውን እጠይቅ ጀመር። "ልትድረን ነው?" ይሉኛል። ቡና የሚጭኑት ነጋድያን አንገታቸው በፀሐይ እንደ ጠፍር ደርቋል፤ ሻሽ የሸፈነው ግንባራቸው ግን ደህና ነው። ሸማኔው ስድሳ ዓመት ሞልቶት ጉንጩ የጎልማሳ ነው፤ ጥላ ውስጥ ይውላል፣ ጎመንና እርጎ ይወዳል፣ አረቄ አይቀምስም። አረቄ የምታወጣው ሴት በሠላሳ ዓመቷ ዓይኖቿ ሥር ከረጢት አንጠልጥላለች። "እንቅልፍ ካየሁ ስንት ጊዜዬ፣ ወንድም ጋሼ" አለችኝ። ወንድም ጋሼ! እሷ እኮ በዕድሜ ትበልጠኛለች።

ሐኪም ቤት ያለው ድሬሰር አገጬን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረኝ። "እሳት፣ ጢስ፣ ጋያ፤ ምግብህም ቂጣ ብቻ። አብስለውሃል" አለኝ። "አሁን ብትተው የቀረውን ታድናለህ። የሄደው አይመለስም።" ጋያዬን ያን ዕለት ሰበርኩት።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አክስታችን ዘንድ ወተት እየጠጣ፣ ማር እየላሰ፣ ጥላ ውስጥ እየተማረ አደገ። ፊቱ የተላጠ እንቁላል ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ሲገባ የዕድሜ ገደብ ስለነበረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው ብሎ አስጽፏል። ይህን ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ቢታወቅ ከትምህርቱ ይባረራል። የእኔ ጥፋት ከሽማግሎቹ አንዱ የዚያው ማሠልጠኛ ዘበኛ መሆኑን አለማጣራቴ ነው። ወንድሜ ገና እንደደረሰ ሰውየውን ለየው።

"አንገፋው የትኛችሁ ነው?" አለ አባቷ፤ በኩሩ፣ ታላቁ ማለቱ ነው።

ወንድሜ ዘበኛውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። በዋርካው ቅጠል መሐል ያለፈች ፀሐይ ጉንጩ ላይ ትጫወታለች፤ አንዲት መስመር የለችበትም።

"እሱ ነው" አለ። "እኔ ስወለድ እሱ ለአቅመ አዳም ደርሶ ነበር።"

ማል አሉት። ማለ።

ቤት ውስጥ አንድ የሸክላ ዕቃ ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ። አባቷ ክፉ አልተናገረኝም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ኦቦ፣ እኩያዎን ይፈልጉ" አለኝ። በዚያው ዓመት ለአንድ ባለሱቅ ዳራት፤ ጉንጩ የሞላ፣ ከሱቁ ጥላ የማይወጣ ሰው። ዕድሜው ከአባቷ እምብዛም እንደማያንስ የታወቀው ሁለት ልጅ ከወለደችለት በኋላ ነው።

ጥርኝ ቤቱን ለቅቄ አትክልት መትከል ጀመርኩ። ባርኔጣ አደረግሁ፣ የተከልኩትን በላሁ፣ ማታ ተኛሁ። ድሬሰሩ አልዋሸም፤ የሄደው አልተመለሰም፣ የቀረው ግን ዳነ። ዛሬ ሰማንያ አልፌ ሰባ ይሉኛል። ማን ጠየቃቸው?

ወንድሜ በአራተኛው ዓመት መጣ። ሰርተፍኬቱን ከያዘ በኋላ ነው፤ ወረቀት ከተያዘ ወዲያ እውነት መናገር አይከብድም። ቢሆንም መጣ። ድንጋይ ተሸክሞ በሽማግሎቹ፣ በአባቷና በዘበኛው ፊት ቆመና፣ "ታላቁ እኔ ነኝ፤ በሐሰት ምያለሁ" አለ። እሷ የሰው ሚስት ናት፤ ለእኔ የሚመለስልኝ ነገር አልነበረም። ሽማግሎቹ ተመካክረው ድንጋዩን አወረዱለትና ወደ እኔ ዞሩ።

"እንግዲህ ታናሽነትህ ታወቀልህ" አሉኝ። "ታናሽ ደግሞ የታላቁን ጉልበት ይስማል።"

ፍርዱን አየህልኝ? የበደለኝን ሰው ጉልበት። ጎንበስ አልኩ። ሱሪው ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። እጁን ራሴ ላይ አሳረፈና፣ "ተነሥ፣ ማሙሽ" አለኝ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው ከሞተች እናታችን ወዲህ አልነበረም።

ቀኑ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ነበር።