የእርቁ ዋንጫ

ባለፈው ሳምንት ልጄ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ መጣ። ደስ አለኝ፤ መምከር ስለማልተው ግን መሪ በሚይዝበት ቀን መጠጥ እንዳይቀምስ አስጠነቀቅኩት። «አንድ ቢራ ምን ያደርጋል፣ አባዬ?» አለኝ እየሳቀ። ተቆጣሁ። ቁጣዬ ሲበርድ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት።

ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እኔ ሃያ አራት፣ ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ሃያ አንድ ዓመታችን ነበር። እሱ ሲቀላ ከተማ ወርዶ የሰው ፒካፕ ይነዳ ነበር። እናታችንን አትጠይቅም ብዬ ስለተናገርኩት ዓመት ያህል ተኮራርፈን ከረምን። በእኛ በዶርዜ ደግሞ የተኮራረፈ ሰው ሳይታረቅ ለመስቀል ማዕድ አይቀርብም። ስለዚህ ለበዓሉ መጣ፤ ሽማግሌዎችም አስታረቁን። ቆጮው፣ ጥሬ ሥጋውና ዳጣው ቀረበ። እርቁ የሚጸናው ግን ሁለቱ ሰዎች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ዋንጫ አረቄ ሲጠጡ ነው።

ደሳለኝ ከንፈሩን ብቻ አስነክቶ መለሰው። ከሰዓት በኋላ መኪናውን ለባለቤቱ እንደሚመልስ ተናግሮ ውሃ ለመነ። አጎታችን «የሚሮጠው መኪናው እንጂ አንተ አይደለህም» ብሎ አሳቀበት። እኔ አልሳቅኩም።

«ከእኔ ጋር መጠጣት ከከበደህ ቂምህ አልወጣም ማለት ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እሺ ጋሼ፣ አንተ ካልክ» ብሎ አረቄውን አብሮኝ ጨለጠው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም የቀዳሁት እኔው ነኝ። ወንድሜን መልሼ በማግኘቴ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ልሸኘው አብሬው ተሳፈርኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ቁልቁለቱ ጭቃ ነው፤ ከታች የአባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ይታያል። ደሳለኝ እየዘፈነ ይነዳ ነበር። አንዱን መታጠፊያ ሳይታጠፈው ቀረ። የእኔ ክንድ ተሰበረ። እሱ ሰዎች እስኪደርሱልን አልቆየም።

ለእናቴ ፍሬኑ እምቢ አለ አልኳት። የመኪናው ባለቤት ለቅሶ ሲመጣ፣ በተበላሸ መኪና ልጄን ገደልክብኝ ብላ ከበር መለሰችው። አጠገቧ ቆሜ አንገቴን ደፋሁ። እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ያን ሰው ረገመችው።

ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ጠጥቶ የነዳውን ነው። ወንድሜ ግን እምቢ ብሎ ነበር። ሰው ፊት አሳፍሬ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።

 ልጄ «ባለ መኪናው ሰውዬ በሕይወት አለ?» አለኝ።

አለ። ሲቀላ ሱቅ ከፍቷል፤ ከሩቅ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ልጄን ልመክር የተነሳሁት ሰው፣ ትናንት እውነቱን ልነግረው ሄጄ እስከ ሱቁ ደጃፍ ደርሼ ሳልገባ ተመለስኩ።