የአባ ኪሎ ክብደት

አባ ኪሎ ቀኝ እግሩን ሚዛኑ ላይ አሳርፎ ግራውን ከሣሩ ሳያነሳ ቆመ።

«ሁለቱንም እግር፣ አባቴ» አለው የፊኛው አብራሪ። «በአንድ እግር የሚቆም ሽመላ ብቻ ነው።»

ከኋላ የቆሙት ሙሽሮች ሳቁ። አባ ኪሎ ግራ እግሩንም አወጣ። ቀዩ ቁጥር ወደ ላይ ወደ ታች ዋዠቀና ረጋ። ሰባ አንድ ነጥብ አራት።

አብራሪው ግንባሩ ላይ ያሰረውን መብራት ወደ ወረቀቱ አዞረ። «እዚህ የሞሉት ሰማንያ አራት ነው።»

«ሰማንያ አራት ነኝ።»

«ሚዛኑ አይደሉም ይላል።»

«እንግዲያው ሚዛንህ ተበላሽቷል።»

ጎህ ገና አልቀደደም። ሰው አሳፍሮ በሙቅ አየር የሚነሳው ፊኛ ሜዳው ላይ በቁመቱ ተዘርግቷል። ሁለት ሠራተኞች አፉን ከፍተው ይዘውታል፤ አንድ ትልቅ ማራገቢያ ነፋስ ይግተዋል። ቅርጫቱ በመሐል ተከፍሏል። ተሳፋሪው በክብደቱ ተደልድሎ ካልገባ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ስለዚህ ማንም ሳይመዘን አይሳፈርም።

ይህን ለአባ ኪሎ የሚያስረዳ ሰው አያስፈልግም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው የከባድ መኪና ሚዛን ጣቢያ ነው። ስሙን ያወጡለትም ሹፌሮቹ ናቸው። መኪናው ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረው አንገቱን በመስኮት ያወጣና «አርባ አንድ ቶን ከሦስት ኩንታል» ይላል። መኪናው የብረቱ መድረክ ላይ ሲወጣ የሚታየው ቁጥር ከአፉ ከወጣው ቢለይ በአንድ ኩንታል ነው። ሹፌሮች የጭነት ወረቀት ይዘው ሲሟገቱት «ወረቀት ላይ ያለ ኪሎ ጭነት አይደለም፣ ወሬ ነው» ይላቸውና ትርፉን ያስወርዳቸው ነበር።

«ውሃ አላችሁ?» አለ አባ ኪሎ። «ያልተከፈተ።»

«ጠምቶዎት ነው?»

«አይደለም።»

ስድስት ባለ ሁለት ሊትር የታሰሩበት እሽግ አመጡለት። ራሱ ተቀብሎ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። አስራ ሁለት ነጥብ ሁለት።

«ነጥብ ሁለቷ ላስቲኩ ናት» አለ ቀስ ብሎ። ሚዛኑ ደህና ነው።

«አባዬ፣ ሰው እኮ እየጠበቀን ነው» አለች ልጁ። እጁን ልትይዘው ስትጠጋ ዓይኗ ወገቡ ላይ አረፈ። ቀበቶው ከፋብሪካ ቀዳዳዎቹ ሌላ በምስማር የተበሱ ሦስት ቀዳዳዎች ነበሩት። የታሰረው በመጨረሻው ላይ ነው።

«ይሄን ማን በሳው?»

«እኔ ነኛ።»

«መቼ?»

አሰበ። ምስማሩ ትዝ አለው፤ መዶሻውም። ሱሪው ይወርዳል፣ ቀበቶውን ይበሳል። እንደገና ይወርዳል፣ እንደገና ይበሳል። ለምን እንደሚወርድ አንድ ቀንም ራሱን አልጠየቀም።

ሰማንያ አራትን የሰጠችው ሚስቱ ናት። አምና ሐኪም ቤት አብረው ሲመዘኑ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችና «ጉድ ፈላ! ይሄን ሁሉ ነው እንዴ ሳበላ የኖርኩት?» ብላ ነርሷን አሳቀቻት። ከሞተች ዘጠኝ ወሯ ነው። ቅጹ ላይ ክብደት የሚለው ጋ ሲደርስ እጁ ያንኑ ጻፈ።

አብራሪው ሰማንያ አራትን ሰርዞ ሰባ አንድ ብሎ ጻፈ። «እንደዚያ ከሆነ እርስዎና ልጅዎ በግራ በኩል፣ ሙሽሮቹ በቀኝ። ከመሐል እኔ።»

ሚዛን ጣቢያው ላይ አንድ ስህተት የሠራው ከሃያ ቀን በፊት ነው። አንድ ባለ ተሳቢ ሲሚንቶ ጭኖ መጣ። የኋላ ጎማው ከመድረኩ ወጣ ብሎ ቆሞ ነበር። የሹፌሮች የቆየ ዘዴ ነው፤ ጎማ ውጭ ከቀረ ቁጥሩ ያንሳል። አባ ኪሎ ይህን ዘዴ ስንቴ እንደያዘ አይቆጠርም። የዚያን ቀን በመስኮት አየ፣ ቁጥሩን አነበበ፣ ማህተሙን መታ። መኪናው አስር ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ጠመዝማዛው ላይ ተገለበጠ። ሹፌሩ ነፍሱ ተረፈች፤ ትከሻው ግን ተሰባበረ።

አለቃው ነገሩን ወደ ላይ አላሳለፈውም። «የሐዘን ሰው ነህ» አለው። «ዕረፍት ውጣ። ሰኞ ስትመጣ ወይ እችላለሁ ወይ አልችልም በለኝ። አፍህን አምናለሁ።»

ሰኞ ከነገ ወዲያ ነው።

ልጁ ፀጉር ቤት አላት። ለአራት ቀን ዘግታ ወደዚህ የመዝናኛ ከተማ ይዛው የመጣችው ለሰኞ ብላ ነው። ቤት ውስጥ ተጎልቶ የሚውል አባት አይታ ታውቃለች፤ የጎረቤቷ አባት ጡረታ በወጣ በስድስት ወሩ ተቀብሯል። «ሥራ ከሌለህ ትሞትብኛለህ» ብላዋለች፣ ያውም ደጋግማ። መጀመሪያ በጀልባ አዞረችው። «ጥሩ ነው» አለ። በማግስቱ ገደል አፋፍ ላይ አውጥታ ፏፏቴ አሳየችው። «ጥሩ ነው» አለ። አሁን የቀራት ፊኛው ነው።

ቅርጫቱ ውስጥ ገቡ። ከራሳቸው በላይ ያለው ማንደጃ እሳት ሲተፋ ሙቀቱ የአባ ኪሎን መላጣ ለበለበው። ሙሽሪት ጮኸች። አባ ኪሎ ከመሬት መነሳታቸውን ያወቀው የሠራተኞቹን ኮፍያ ከላይ ሲያይ ነው።

ፀሐይዋ ወጣች። ሁሉም ወደ እሷ ዞረው ስልካቸውን አነሱ። ልጁ ግን የአባቷን ፊት ታያለች።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው ብቻ?»

ሌላ ቃል ፈለገላት። «ከፍ ያለ ነው» አላት።

ወደ ታች ተመለከተ። ከፍታ ይፈራ ነበር፤ የጣቢያውን ጣሪያ ለመጠገን መሰላል እንኳ ሰው ካልያዘለት አይወጣም ነበር። አሁን ፍርሃቱን ጠበቀው፤ አልመጣም። ሚስቱ የተቀበረች ዕለትም እንዲሁ ነበር። እህቱ ደረቷን እየመታች «ወንድሜ፣ አልቅስ እንጂ! እንባህን አውጣው!» ስትለው አይን አይኗን ያያት ነበር። ለቀስተኛው ጠንካራ ነው አለ። እሱ ግን እንደተኙበት እጅ ነበር የሆነው፤ ይታያል፣ ይንቀሳቀሳል፣ የኔ ነው ግን አይባልም።

ልጁ ወደ አብራሪው ዞረች። «አባዬ እኮ ሰውን በዓይኑ ይመዝናል» አለች ለአብራሪው። «ሚዛን ላይ ነው የሚሠራው። ሠርግ ቤት ሳይቀር እያስገመቱት ይስቁ ነበር። አንዴም ስቶ አያውቅም።»

«ኧረ ተይ!» አለ አብራሪው። «ታዲያ ወረቀቱ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። በሉ እንፈትናቸው።»

«እኔን ያስቀድሙ» አለ ሙሽራው። ደረቱን ነፋ።

አባ ኪሎ አየው። ሜዳው ላይ ተራ በተራ ሲመዘኑ አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ የአንዳቸውንም ቁጥር አላነበበም። «ሰማንያ» አለ።

አብራሪው ወረቀቱን ዘረጋ። «ስልሳ ሰባት!»

ሳቁ። «ደረቱን ስለነፋ ነው» አለች ልጁ ቶሎ ብላ። «አየር ነው ያስቆጠረው። ድገም አባዬ።»

ሙሽሪት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እኔን በጆሮዬ ይንገሩኝ። ባሌ ሌላ ቁጥር ነው የሚያውቀው።»

«አርባ ስምንት» አለ አባ ኪሎ፣ ጮክ ብሎ።

«ሰማህ? ሰማህ አንተ? አርባ ስምንት! ጌታዬ፣ ዕድሜ ይስጥዎት!»

አብራሪው ወረቀቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ ያለው ሌላ ነው። ግን እኔ የሰው ትዳር አላፈርስም።»

አሁን ከአባ ኪሎ በቀር ሁሉም ይስቃል። በመጀመሪያው አስራ ሦስት ኪሎ ስቷል። በሁለተኛዋ ስንት እንደሳተ አላወቀም፤ መሳቱን ግን ከአብራሪው ፊት አንብቧል።

«እኔን» አለች ልጁ። ከቅርጫቱ ጠርዝ ገፋ ብላ ፊት ለፊቱ ቆመች። እጆቿን ጎንና ጎን አንጠለጠለች፤ ልጅ ሳለች ስትመዘን እንደምትቆመው።

በየወሩ ይመዝናት ነበር። በመጀመሪያ በቡና ነጋዴ ሚዛን፣ ቀጥሎ በጣቢያው የዕቃ ሚዛን። አንድ ጊዜ ታማ ሁለት ኪሎ ስትቀንስ ከእናቷ በፊት ያወቀ እሱ ነው፤ ገና በር ከፍታ ስትገባ። አሁን ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ አያት። ፊቷን ያውቀዋል። ካፖርቱንም ያውቀዋል። ክብደቷ ግን የለም። ጎማው ከመድረኩ ውጭ የቀረውን መኪናም እንዲሁ ነበር ያየው።

«ሰባ» አለ።

«ልክ ነህ!» አለች። «አላልኳችሁም? ልክ ነው፣ ሰባ ነኝ።»

አብራሪው ወረቀቱን ተመለከተ። አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ እሱን። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ማንደጃውን ለቀቀው። እሳቱ ለረጅም ጊዜ ጮኸ።

ዝም ሲል አባ ኪሎ «ስንት ነው?» አለ።

«አሁን ወደ ሌላ ንፋስ ከፍ ላደርጋችሁ ነው፣ አባቴ፤ ቆይተን...»

«ስንት ነው የሚለው?»

«ሃምሳ ስምንት።»

ሙሽሮቹ ወደ ሌላ ጎን ዞረው ፎቶ መነሳት ጀመሩ።

«ከፍታው ነው አባዬ» አለች ልጁ። «አየሩ ይሳሳል ይባላል፣ ዓይንም ይለወጣል። ደግሞ ካፖርት ለብሻለሁ።»

«ካፖርት አስራ ሁለት ኪሎ አይመዝንም።»

«ታዲያ ምን ይሁን? ሰው ገመትክ፣ ሳትክ። ጣቢያው ላይ ማሽን አለ አይደል? ማሽኑን ታነባለህ፣ በቃ!»

«ማሽኑንማ የዚያን ቀንም አነበብኩት።»

 ከታች መንገዱ ይታያል። ሦስት ከባድ መኪኖች ሸራ ለብሰው ዳገቱን ይወጣሉ፤ ጥላቸው ማሳው ላይ ረዝሞ ተኝቷል። ልጁ በጣቷ አሳየችው፤ አሁን ምንም አልጠየቀችውም። አባ ኪሎ ጠርዙን ይዞ ቁልቁል አየ። መሐለኛው ከፊተኛው ይዘገያል። ጭኖ ይሆናል። አሮጌም ይሆናል። እስኪታጠፉ ድረስ አያቸው፤ እስኪታጠፉ ድረስ መኪኖች ብቻ ነበሩ።

ሊያርፉ ሲሉ አብራሪው ጀርባቸውን ወደ ጉዞው አዙረው ጉልበታቸውን አጠፍ እንዲያደርጉና የገመዱን መያዣ አጥብቀው እንዲይዙ ነገራቸው። ቅርጫቱ መሬቱን ነካ፣ ነጠረ፣ እንደገና ነካ። ጥቂት ሜትር ተጎተተና በግራ ጎኑ ተጋደመ። አባ ኪሎ መያዣውን ለቀቀ። ለምን እንደለቀቀ አያውቅም፤ ያዝ ተብሎ ነበር፣ ሰምቶም ነበር። በሙሉ ሰውነቱ ልጁ ላይ ወደቀ።

«ጎዳሁሽ?»

«አልከበድከኝም» አለች ከሥሩ ሆና። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ እንደ ልጅነቷ ድምፅ አውጥታ። «ምንም አልከበድከኝም እኮ፣ አባዬ።»

አንድ ነገር ማለት እንዳለበት አወቀ። ፈለገ። «ካፖርትሽ ጭቃ ነካው» አላት። በእጁም ጠረገላት።

ሠራተኞቹ ደርሰው አወጧቸው። ሙሽሮቹ እየሳቁ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። አባ ኪሎ ከሰዎቹ ራቅ ብሎ ሜዳው ዳር ሄደና ስልኩን አወጣ። ልጁ ተከትላው መጣች። አልከለከለችውም፤ አጠገቡ ቆመች።

አለቃው ገና አልጋ ላይ ነበር። «ማነው በዚህ ሰዓት? አባ ኪሎ? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ሰኞ አልገባም።»

«ታመሃል እንዴ?»

«አይደለም። አልችልም። በለኝ ያልከኝን እየነገርኩህ ነው።»

«ኧረ በስማም! ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ይጨረሳል? በዚያች መኪና ነው? ያ ነገር እኮ ተረስቷል ወንድሜ።»

«ትከሻው የተሰበረው ሰውዬ ረስቶታል?»

 ከአለቃው በስተጀርባ የሚያዛጋ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ሌላ ወር ልስጥህ። ሁለት ወር።»

«ሌላ ሰው አስቀምጥበት» አለ አባ ኪሎ። «ዛሬ ልጄን መመዘን አቅቶኛል።»

ልጁ ይህን ስትሰማ ፊቷን አዞረች። ከዚያ መኪናው ወደ ቆመበት ቀድማው ሄደች። እሱም ስልኩን ኪሱ ከቶ ተከተላት።

የጡረታ ደብዳቤው በአስራ አንደኛው ቀን ደረሰው። ሚዛኑ ላይ ከሌላ ጣቢያ የተዛወረ ሰው ተመደበ።