ሁለት ቺንጋ የተጫነበት ሞተር

ጥፋተኞቹ ሁለት ነን፤ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበርና የሞተሩ ጠባቂ እኔ። ጣና ዳር የነበረን አንድ ሞተር ብቻ ሲሆን፣ ቺንጋው፣ ማለት ማዞሪያ ቀበቶው፣ እየተቀየረ ጠዋት ወፍጮ፣ ከሰዓት የውኃ ፓምፕ ያዞር ነበር። ሁለቱን ባንድ ጊዜ እንደማይችል ከመመሪያው ሥዕል ተረድቼ በሞተር ቤቱ በር ላይ በከሰል ጽፌ ነበር። ሽንኩርቱ ሲጠወልግና የወፍጮው ወረፋ ሲረዝም ሊቀ መንበሩ መጣ።

«ሁለቱንም አስነሳ!»

«አይችልም ጓድ፤ በሩ ላይ ያለውን ያንብቡ።»

«የሰፊውን ሕዝብ ሞተር እንደ ታቦት ልትሸፍነው ነው?»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እኔም ሳቃቸውን ፈርቼ፣ እያወቅሁ ሁለተኛውን ቺንጋ አጠለቅሁ። ሞተሩ ጭነቱ በዝቶበት ከቀትር በፊት ግሎ ነክሶ ቆመ። ከከተማ የመጣው መለዋወጫ የሌላ ሥሪት ነበርና አልገጠመም።

ያላወቀ ይሳሳታል፤ እያወቀ የሠራ ግን ይበድላል። ሐይቁ ሃምሳ እርምጃ ላይ ተኝቶ የሠላሳ አባወራ ሽንኩርት ደረቀ፤ ሴቶቻችንም እስከ ክረምት በድንጋይ ፈጩ።