ያልጎበጠው ክንድ

ታላቅ ወንድሜ ካረፉ አርባ ቀን አለፋቸው፤ እኔ ግን አንድ ነገር እስካሁን አልገባኝም።

ታናሽ እህታችን ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ቤተ ክርስቲያን መሳለም አቃታት። እሳቸውም ከአሮጌ ሞተር ብስክሌትና ከአልጋ ብረት ባለ አራት ጎማ መሄጃ ሠሩላት። ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማው መሬቱን እየፋቀ ይጮኻል። መሪውን ከሁለቱ የፊት ጎማዎች ጋር የሚያገናኙትን ቀጥ ያሉ የብረት ክንዶች ፈትተው ማጉበጥ ጀመሩ።

«አያ፣ ቀጥ ቢሉ ምን አለበት?» አልኋቸው።

እሳቸው መቼም በአፍ ብቻ አያስረዱም። «ና፣ አውድማ ላይ እንዳለ በሬ እንዙር» ብለው ክንዴን ያዙኝ። እሳቸው ከውስጥ ቀስ እያሉ፣ እኔ ከውጭ እየሮጥሁ ግቢውን ዞርን።

«አየህ? ውስጠኛው ጎማ ከውጭኛው ይልቅ አጥብቆ ካልታጠፈ ይጎተታል፤ ክንዱን የማጎብጠው ለዚህ ነው። ገባህ?»

«ገባኝ» አልሁ። ትንፋሽ አጥሮኝ እንዲለቁኝ ነው እንጂ አልገባኝም ነበር።

ቀኙን ክንድ ወደ ውስጥ አጉብጠው ገጠሙት። ግራውን ሳይነኩ ሞት ቀደማቸው።

«ለሰማንያው ታደርሰኛለህ ወይስ የእኔንም ተዝካር ትጠብቃለህ?» ትለኛለች እህቴ።

ግራው ክንድ እንደ ቀኙ ወደ ግራ ይጉበጥ ወይስ ሁለቱም ወደ ውስጥ ጎብጠው ይተያዩ? የባጃጅ ጠጋኙን ብጠይቀው «ባጃጅ እኮ ከፊት አንድ ጎማ ነው ያላት» ብሎ ስቆ ሄደ። ትናንት ይገለጥልኝ እንደሁ ብዬ ግቢውን እንደዚያን ቀን ዞርሁት። ብቻዬን ስሆን ግን ውስጡ የቱ፣ ውጩ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።