የውሻዬ ጉልበት ውሃ

መርሳ ዳር የማንጎ ማሳችንን የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ውሻ አለኝ። ጦጣው ሁሉ እሱን እያየ ነው የሚጾመው። ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሩን እያነሳ ያነክስ ጀመር። «ማርጀቱንም ልትቀድመኝ ነው?» እያልኩ እስቅበት ነበር። ጉልበቱ አብጦ ሎሚ ሲያክል ግን ሳቄ ቆመ።

ዋርሳዬ፣ የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም፣ ግቢያችን አንድ ነው። አየውና «መግል ቋጥሯል። ማጭድ አግለሽ ተኩሺው፣ ይፍሰስ» አለኝ። እኛ ዘንድ በሬም ሲያነክስ ይተኮሳል። እኔም ሞኟ አጋልኩና ነካ አደረግሁት። አንዴ ብቻ። አጯጯሁስ! ማጭዱን ጥዬ ሸሸሁ። በማግስቱ ጭራሽ መቆም አቃተው፣ ምግቡንም ተወ።

ወደ ከብት ሐኪም ልወስደው ባጃጅ ጠራሁ። «እማማ፣ ውሻ አልጭንም» አለ ባለባጃጁ።

«ከኔ እሱ ይሻላል፣ አይነዘንዝህም» ብዬ አስቄ ጫንኩት። እኔ ግን መተንፈሱን እያየሁ እስክንደርስ እጄን ከደረቱ ላይ አላነሳሁም።

የከብት ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። የጉልበቱን ፀጉር ሲላጭ ቁስሉ ብቅ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው እማማ?»

«እሳት አጠገብ ተኝቶ ነው።»

«እሳቱ የማጭድ ጫፍ ነበረው?»

አፈርኩ። እሱ ግን አልሳቀም። «ቃጠሎው ውስጥ ድረስ ዘልቆ ከሆነ ቆሻሻ አስገብቷል። አሁን ከመጋጠሚያው ውሃ እቀዳለሁ። እንደ አጓት ከደፈረሰ ላናተርፈው እንችላለን» አለኝ።

ወላሂ፣ ስምንት ልጅ ስወልድ እንዲህ አልፈራሁም። እኔው በገዛ እጄ ገድየዋለሁ አልኩ።

አፉን በሻሼ አስሬ ያዝኩለት። መርፌው ሲገባ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይዩት እማማ።»

«አንተ እይልኝ። ምን ይመስላል?»

«ቢጫ ነው።»

«ያ አላህ! መግል ነው!»

«ቆይ እንጂ፤ በውሃው ውስጥ ከወዲያ ማዶ ጣቴ ይታያል። ጥርት ያለ ነው።» ጠብታዋን በሁለት ጣቱ መሃል አድርጎ ሳብ ሲያደርጋት ወዲያው ተበጠሰች። «ምነው ተበጠሰች?» አልኩት።

«የጤነኛው እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ ይሳባል» አለኝ። «የሱ ቀጥኗል። መጋጠሚያው አርጅቶ ተበልቷል፤ ውሃውም የበዛው፣ ያበጠውም ለዚያ ነው። ይሄ አይድንም፣ ግን አይገድለውም። የምፈራው የርስዎን ቃጠሎ ነው።»

«የኔም ጉልበት ይንቋቋል፤ እግረ መንገድህን ቅዳልኝ።»

«የርስዎን የሰው ሐኪም ይቅዳው» ብሎ አሁን ሳቀ። መድኃኒት ሰጥቶ ሲሸኘኝ ግን ፊቱ ኮስተር አለ፦ «ዛሬ ንጹህ ነው ማለት ነገ አይመግልም ማለት አይደለም። ሦስት ቀን በእጅዎ ይዳብሱት። ከጋለ ቶሎ ያምጡት።»

ሦስት ቀን ሙሉ ከሶላት ስነሳ ወደሱ ነው የምሮጠው። እጄን ስዘረጋ እግሩን ይሰበስብብኛል። በሦስተኛው ቀን ደጋግሜ ከመዳበሴ የተነሳ ሙቀቱ የሱ ይሁን የኔ መለየት አቃተኝ። ዋርሳዬን ጠራሁት።

«ለሶላት ታጥቤ ውሻ ልንካ?» አለ።

«ደረቅ ነው፣ አይነጅስህም። ተኩሺው ስትለኝ መች እንዲህ ተጠነቀቅክ?»

ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ውሻው አጉረመረመ፣ አልነከሰውም።

«ቀዝቃዛ ነው» አለኝ።

«ደግመህ ንካው» አልኩት።